ለወፍ አምስት ጊዜ

ቺሌንጋ፣ ሱመዳንግ
ጁን 2 ቀን 1988

ሩስማና፣

በክት አበላኸኝ። እኔን ብቻ ቢሆን በተሻለ። ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ሚስቴ በሞተች በመቶኛው ቀን ዱዓ ሊያደርጉላት የመጡትን ጎረቤቶቼን ሁሉ፣ የመንደራችንን ሸኽ አጀንጋን ሶባሪን ሳይቀር፣ በገዛ ሳህኔ በክት አበላሃቸው።

ሰላምታው አሁን ይምጣ። አላህ ጤና ይስጥህ፤ እዚያ የኮኮናት እርሻ ውስጥ ከወባና ከእባብ ይጠብቅህ። ይህን የምለው አባትህ ታናሽ ወንድሜ ስለነበረና ሲሞት ለእኔ አደራ ስለሰጠህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንዴት አወቀ ብለህ ትገረም ይሆናል። ከአንተ ጋር የሚሠራው ኦዪብ ለኢድ መጥቶ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ቤት ገብቶ ያወራል። እኔ ፊቴ በሳሙና ተሸፍኖ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ ማን እንደሆንኩ አላየም።

«ሩስማና እኮ ጉደኛ ነው» ይላል። «ለአክስቱ ድግስ የውሃ ዶሮ አድነህ አምጣ ተብሎ ተላከ። ጭቃው ውስጥ ማን ይገባል አለና የማሳው ዳር ላይ ተጋድሞ የንፋስ ጠመንጃውን በየተኩሱ ሃያ ጊዜ ነፋ። ድው! ድው! ሄዶ ሲያያቸው ሁሉም ክንፋቸውን ዘርግተው ደርቀዋል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንገታቸውን ቆረጠና ለጥንብ ቢስሚላህ አለ!»

አስተካካዩ አልሳቀም። ምላጩ አገጬ ላይ ቆመ። ኦዪብ ያን ጊዜ ነው ከሳሙናው በታች ያለውን ሰው ያወቀው።

ሕጉን አታውቀውም እንዳልል ሞረድ አያያዝ ከማስተማሬ በፊት ያስተማርኩህ እሱን ነው። የንፋስ ጠመንጃ እንደ ባሩድ ጠመንጃ አይደለችም፤ ጉልበቷን የሚሰጣት የነፊው ክንድ ነው። ለዛፍ ላይ ሽኮኮ የፈለግከውን ያህል ንፋ፤ ሽኮኮ አይበላም። ለወፍ ግን አምስት ጊዜ። አምስት ጊዜ ነፍተህ፣ ቀርበህ፣ ክንፉን ትመታዋለህ። ወፉ ከነነፍሱ ይወድቃል። ጭቃውን አቋርጠህ ትደርስና ወደ ቂብላ አዙረህ በስመ አላህ ታርደዋለህ። ከአምስት ካለፈ እርሳሱ በስቶት ያልፋል፤ ወፉ ውሃው ላይ ሳያርፍ ያልቃል፤ ቢላዋ ከዚያ በኋላ አያድነውም። በዚህ መንደር ጠመንጃ የማይሠራ ቤት የለም፤ ይህን የማያውቅ ሰውም የለም።

ዲሴምበር 14 የሚስቴ ሺኛ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ድግስ የላትም። በዚያ መቶኛ ቀን ላይ ይህን ሺኛ ቀን መደረብ አልችልም። ስለዚህ ትመጣለህ፤ በክቱን በበሉት ሰዎች ፊት ተቀምጠህ ያደረግከውን ትናገራለህ። መምጣት ካልቻልክ በእጅህ ጽፈህ ለአጀንጋን ላክ፤ እሱ ያነብላቸዋል። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። አስተካካዩና ኦዪብም ስለ እኔ ሲሉ አፋቸውን ይዘዋል።

የአባትህ ታላቅ ወንድም
ኤንጁም


ቴምቢላሃን
ጁላይ 9 ቀን 1988

ለተከበሩና ለምወድዎ ለአባቴ ታላቅ ለኡዋ ኤንጁም፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤትዎና በሞርሳዎ ላይ ይሁን። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እዚህ ማዕበሉ ወደ ቦዩ ሲገባ ጨው ጨው ከሚል ውሃ በስተቀር የጎደለኝ የለም። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዝናቡ ሰሞን ያሠቃይዎት የነበረው ወገብዎስ?

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ኡዋ፣ ኦዪብን ያውቁታል። ዓሣ ቢይዝ አዞ ያዝኩ የሚል ሰው ነው። እዚህ ሰፈር ውስጥ ከሥራ በኋላ ሰው ለመሳቅ ያልሆነውን ሁሉ ያወራል፤ እኔም አንድ ቀን የሆነ ነገር ብዬ ይሆናል። የውሃ ዶሮዎቹ ስደርስ ትኩስ ነበሩ። አንድ ሁለቱ ምናልባት ደክመው ይሆናል። ሐዘንተኛ ሰው ይህን ያህል ነገሩን እያነሳ ራሱን እንዲያሠቃይ አክስቴ አርሲህም የምትወድ አይመስለኝም። ስለ ዲሴምበሩ በሰፊው እንነጋገራለን።

አሁን የምሥራች ልንገርዎ። ሐጂ ባህሩን የሚባለው የእርሻው ኢማም ልጁን ሊሰጠኝ ፈቅዷል። ስሟ ማስቱራ ነው። አባቷ አጥባቂ ሰው ነው፤ ሶላት ካመለጠው ቀኑን ሙሉ አይናገርም። እኔን ግን ወዶኛል። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ኡዋ፣ አንድ ነገር ቸግሮኛል። ስሄድ የሰጡኝ ጠመንጃ አየር አልይዝ አለች። ሃያ ጊዜ ብነፋት የሦስቱን እንኳ አትይዝም፤ ቃታውን ስስበው እንደ ሽማግሌ ትስላለች። እዚህ ሥራዬ የታወቀ ነው። ሽኮኮው ለጋውን ኮኮናት እየበሳ ውስጡን ይጨርሰዋል፤ እኔ ገድዬ ጭራውን ለአለቃው አስረክባለሁ። ያለፈው ሳምንት በባዶ እጄ ብገባ አለቃው በሰው ፊት «ጠመንጃህን አስም ይዟታል፤ ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተሻሻለ ሌላ ተኳሽ እቀጥራለሁ ብሏል። ሐጂ ባህሩን ደግሞ ሥራ የሌለው አማች አይፈልግም።

አየሩን በሚይዘው ቀለበት ቦታ የገበያውን ጎማ ሞከርኩት፤ የእርስዎ መንፊያ ቱቦ በእርስዎ ልክ የተሠራ ስለሆነ የማንም አይገጥመውም። እባክዎ ከዚያ ከጎሽ ቆዳው ሁለት ቀለበት ቆርጠው ይላኩልኝ።

እጅዎን የምስም
ሩስማና


ቺሌንጋ
ኦገስት 3 ቀን 1988

ሩስማና፣

አላህ ጥሩውን ያሰማን። ስለ ማስቱራ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ትኩስ ነበሩ ትላለህ። ከምድጃ የወጣ ድንጋይም ትኩስ ነው። እኔ ስለ ትኩሳታቸው አልጠየቅኩህም። ስትቆርጣቸው ደም ፈሰሰ ወይስ አልፈሰሰም? እግራቸው ተንፈራገጠ ወይስ አልተንፈራገጠም? በአንድ ቃል መልስ። «ምናልባት» የሚለውን እዚያው ለአለቃህ ተወው።

ስለ ወገቤም አትጠይቀኝ።

አሁን ስለ ጠመንጃዋ። ቆዳው ለምን እንደተበላ እዚህ ተቀምጬ አውቃለሁ። ነፍተህ ሳትተኩስ ታሳድራታለህ። ጠዋት ሽኮኮ ቢመጣ ላለመድከም ብለህ ነው። ቆዳው ያን ሁሉ ጫና ተሸክሞ ሲያድር ከንፈሩ ይገለበጣል፤ ተገልብጦ ከደረቀ አይመለስም። ስታስቀምጣት አንድ ጊዜ ብቻ ነፍተህ አስቀምጥ ብዬህ ነበር፤ ቫልቩ እንዳይከፈትና አቧራ እንዳይገባ ያ ይበቃታል። የሞተር ዘይትም እየቀባሃት ነው። ይህንንም አውቃለሁ፤ ከቤቱ አጠገብ የቆመ ጀልባ ሞተር ያለው ሰው ሌላ ዘይት ፍለጋ አይሄድም። የሞተር ዘይት ቆዳ ያቃጥላል። የኮኮናት እርሻ መሃል ተቀምጠህ የኮኮናት ዘይት አጣህ?

ቀለበቶቹን ቆርጫለሁ። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ነው የቆረጥኩት። ከጎሹ አንገት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ወፍራም ሆኖ ይታጠፋል። በሰምና በዘይት ነክሬያቸው ሞርሳው አጠገብ ካለችው ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። የአንተ እጅ ጽሑፍ አጀንጋን ዘንድ እስኪደርስ እዚያው ይቀመጣሉ።

እኔ የምፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አንተ የምትፈልገው ሁለት ቁራጭ ቆዳ ነው። ማናችንም ብዙ አልጠየቅንም።

ኤንጁም


ቴምቢላሃን
ሴፕቴምበር 18 ቀን 1988

ለኡዋ ኤንጁም፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

መልስ ያዘገየሁት ተናድጄ ስለነበር ነው። አሁንም አልበረደልኝም። ስለዚህ እንዳስተማሩኝ በቀጥታ ልናገር።

ደም አልፈሰሰም። እግራቸውም አልተንፈራገጠም። ሁሉም ሞተው ነበር። ይኸው፣ የፈለጉት ቃል።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። በመንደሩ ሁሉ የሚታወቁበት አንድ ነገር አለ። የሰው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን ሰጥተው፣ የተኮሰው ሰው ስንት ጊዜ እንደነፋ በድምፁ ይናገራሉ። ሰዎች ይወራረዱብዎታል፤ ሲሳሳቱ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ የት ነበሩ? በረንዳዎ ላይ ሩዝ ሲለቅሙ ትቼዎት ነው የሄድኩት። ማሳው ከበረንዳው ምን ያህል ይርቃል? ድምፁን ሰምተዋል። የአምስት ድምፅ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ወፎቹን ሳመጣም አልጠየቁኝም። ተቀበሉኝና «አላህ ይባርክህ» አሉኝ። ታዲያ እርስዎ ያልሰሙ መስለው የበሉትን እኔ ብቻዬን ለምን እሸከማለሁ?

እውነቱን እንነጋገር። የቤቱ ጠመንጃ ያደነው ወፍ ገበታው ላይ ከሌለ ሰው «የኤንጁም ቤት ተዘጋ» እንዳይል ፈርተው ነበር። ወፍ ፈለጉ፤ ወፍ አመጣሁ።

ለአጀንጋን ጻፍ ይላሉ። አጀንጋን ሶባሪና ሐጂ ባህሩን በአንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አብረው እንዳደጉ ያውቃሉ? እስካሁን ይጻጻፋሉ። ያ ወረቀት አጀንጋን እጅ በገባ በወሩ ማስቱራን አጣለሁ። እርስዎ ሚስትዎን አጥተዋል፤ እኔ ገና ሳላገባት እንዳጣት ይፈልጋሉ?

ቆዳውን ይላኩ። ጥቅምና ቂም አይቀላቅሉ።

ሩስማና


ቺሌንጋ
ኦክቶበር 11 ቀን 1988

ሩስማና፣

ሰላም።

ሰምቻለሁ። ሰባት ጊዜ ተኮስክ፤ ሰባቱም የሃያ ድምፅ ነበረው። ሩዙን እየለቀምኩ ሰማሁ።

ያሰብኩትን ልንገርህ። ከመሄድህ በፊት የጎረቤታችን የማክ ኢቺህ ኮኮናት ላይ የወጣውን ሽኮኮ እግረ መንገድህን አባርርላት ብዬህ ነበር። ዛፎቿ ማሳው ዳር ናቸው። የሃያ ድምፅ ስሰማ «ሩስማና የአሮጊቷን ሽኮኮ እያሳደደ ነው» አልኩ። ስለ ወፎቹ የአምስት ድምፅ አለመስማቴን ንፋሱ ወደዚያ ስለሚነፍስ ነው አልኩ። ስትመጣ ሱሪህ እስከ ጉልበትህ በጭቃ ተለውሶ ነበር። አሁን ሳስበው ሞተው የተኙትን ልትለቅም ገብተህ ነው። እኔ ግን ጭቃውን አይቼ ሮጦ አርዷል አልኩ። አንተን መጠርጠር ወደ ልቤ አልመጣም። አላህ ይባርክህ ያልኩህ ለዚያ ነው፤ ያንን ቃል ከአንተ ላይ መመለስ ቢቻል ዛሬ እመልሰው ነበር።

እንግዲህ ጆሮዬን ለመከሰሻ አመጣኸው። ጆሮዬ አልዋሸኝም። ከጆሮዬ በላይ ያመንኩት አንተን ነበር።

«የኤንጁም ቤት ተዘጋ» እንዳይባል ፈርተው ነበር ያልከኝ ትክክል ነው። አርሲህ እያለች ያ ገበታ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ በእሷ ቀን ባዶ እንዲሆን አልፈለግኩም። ይህ የሚያሳፍረኝ ነገር አይደለም።

ስለ ማስቱራ። ሐጂ ባህሩን አጥባቂ ነው ብለሃል። ልጁን ካገባህ በኋላ ወፍ አድነህ ወደ ቤቱ ትወስዳለህ። እሱም «አማቼ ያመጣው ነው» ብሎ ይበላል። እስቲ ማን ነው እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚሰማለት?

ቆዳው ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ሁለት ወር አለህ።

ኤንጁም


ቴምቢላሃን
ኖቬምበር 20 ቀን 1988

ለኡዋ ኤንጁም፣

አልመጣም። አልጽፍም።

ከመኪና ጎማ ቆርጬ አስገባሁባት፤ በሁለተኛው ቀን ተበጣጥሶ ቱቦው ውስጥ ተቀረቀረ። አሁን ጥግ ላይ ቆማለች። አለቃው የሌላ ሰው ጠመንጃ አውሶኛል፤ ይህም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው። የእርስዎን ቦዩ ውስጥ እጥላታለሁ ብዬ ወጥቼ ነበር። አልጣልኳትም። ለምን እንዳልጣልኳት አይጠይቁኝ።

ሐጂ ባህሩን ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ፣ አሳድጎ ሙያ ያስተማረኝ አጎት አለኝ እላለሁ። ከዚያ በላይ አልናገርም።

ለአክስቴ ለአርሲህ በቀኗ እኔም እዚህ ሆኜ ዱዓ አደርጋለሁ። ይህን ከእኔ ሊከለክሉኝ አይችሉም።

ሩስማና


ቺሌንጋ
ዲሴምበር 16 ቀን 1988

ሩስማና፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። አላህ እስትንፋስህን ያርዝምልህ፤ የምትጠቀምበት ካለህ።

ሺኛው ቀን ተደረገ። ወፍ አልነበረም። የአኩሪ አተር ቶፉ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ሩዝና በርበሬ ብቻ አቀረብኩ። ሰዎች ገበታውን አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ የአንዱ ዓይን ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀሉት ጠመንጃዎች ሲሄድ አየሁት። አጀንጋን ዱዓውን ሊጀምር ሲል እጄን አነሳሁና ከዱዓው በፊት የምናገረው አለ አልኩ።

በመቶኛው ቀን ከዚህ ገበታ የበላችሁት የውሃ ዶሮ ሳይታረድ የሞተ ነበር አልኩ። በቤቴ ጠመንጃ ተገደለ፤ በእጄ አቀረብኩላችሁ፤ ሳላውቅ ነው፤ ካወቅኩ ወራት አልፈዋል፤ የዘገየሁት ሌላ ሰው መጥቶ እንዲናገረው ስጠብቅ ነው። ስምህን አልጠራሁም። ያን ቀን ወፉን ያመጣው ማን እንደነበር የረሳ ሰው ግን እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

  አጀንጋን ተናገረ። ሳያውቅ የበላ ሰው ምንም የለበትም፤ ዱዓውም ወደ አርሲህ ደርሷል፤ ያለበት ያወቀው ሰው ነው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ኤንጁም፣ ያወቀው ሰው ተናግሯል?» አለኝ።

«አልተናገረም» አልኩት።

ሌላ አልጠየቀም። ማክ ኢቺህ ከጓዳው በር ሆና «እኔማ ያን ቀን ሥጋው ጥርሴን ሲሰብረው ያረጀሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሟቹ ነው ያልለቀቀኝ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ፤ ወንዶቹም ትንሽ ቆይተው ሳቁ። አላህ ይስጣት። ሱርያ ግን አልሳቀም። አጥር የምንጋራው ሱርያ ሳህኑን አስቀመጠ፣ ነጠላ ጫማውን ከበሩ ላይ ፈለገ፣ ሄደ። ትናንት የተሰበረ ቃታውን ይዞ በቤቴ በር አልፎ ሌላ ሠሪ ዘንድ ሲወስድ አይቼዋለሁ። መብቱ ነው። አንተ ልትቀበለው ይገባህ የነበረው ፊት እሱ ነበር፤ እኔ ተቀበልኩልህ። ከእንግዲህ አንተ የምትናገረው ነገር ለእኔ አይጠቅመኝም፤ አልቋል።

ለሐጂ ባህሩን አልጻፍኩም። አጀንጋንም ምንም እንዳይጽፍ ለምኜዋለሁ፤ እሺ ብሏል። እዚያ ቤት የምትነግረውና የማትነግረው የአንተ ነው። የማስቱራ አባት የሚበላውን ሳስብ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዚህ ጋር አንድ ቀለበት ልኬያለሁ። ለአንተ አይደለም። ጠመንጃዋ የእኔ ሥራ ናት፤ የማንም አለቃ አስም ይዟታል እያለ እንዲስቅባት አልፈልግም። የጎማውን ቁራጭ በቀርከሃ ስንጥር አውጣው፤ በብረት ከነካኸው ቱቦውን ትጭረዋለህ። ቀለበቱን አንድ ሌሊት በኮኮናት ዘይት ንከረውና ከንፈሩን ወደ ፊት አዙረህ አስገባው።

ሁለቱን የቆረጥኳቸውን አይደለም የላክሁት። እነሱን ለሌላ ሰው ሸጥኳቸው። ይህን ከድግሱ ማግስት አዲስ ቆረጥኩት፤ ከአንገቱ ሳይሆን ከሆዱ፣ ስስ አድርጌ። አምስት ጊዜ ስትነፋ እንደ ድንጋይ ይይዛል። ስድስተኛውን ስትነፋ ከንፈሩ ይጎነበስና አየሩ በጎኑ ይወጣል። ብታስርበት፣ ብትለጥፍበት፣ የፈለግከውን ብትቀባው ያው ነው፤ ሞክሬዋለሁ። በአምስት ንፊያ ከሩቅ ሆነህ ሽኮኮ አትገድልም። ከዛፉ ሥር ቆመህ ግን ትገድለዋለህ። ስለዚህ የሽኮኮውን ጭራ ለአለቃህ ታስረክባለህ፤ ሥራህም አይቋረጥም። ነገር ግን በቦዩ ጭቃ ውስጥ እያለፍክ እያንዳንዱ ዛፍ ሥር በእግርህ ትደርሳለህ።

ደብዳቤ መጻፍ ብትፈልግ ጻፍ። ስለ ሠርግህ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብ ብትጽፍ እመልስልሃለሁ፤ የወንድሜ ልጅ ነህ። ስለ ውሃ ዶሮዎቹ ግን ይህ የመጨረሻዬ ነው። ይቅርታ ብትጠይቅ አልመልስም። ብትሟገት አልመልስም። እዚህ መጥተህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ብታነሳው ተነስቼ ወደ ሞርሳዬ እሄዳለሁ። ስሞትም በመቃብሬ ላይ እንዳታነሳው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እሱ አንድም ቃል አልናገርም።

ኤንጁም